አይቢኤም አይ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ወይስ ኡቡንቱ? ኔትወርኩን በሚያዋቅረው ሰው ዓይን

ድርጅታችሁ ሂሳቡን፣ መጋዘኑንና ሽያጩን የሚሸከም አንድ ደህና ሰርቨር ሊገዛ ነው እንበል። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይመጣል። ኔትወርኩ ግን «ተከላና ማዋቀር» በምትል አንዲት መስመር ይታለፋል። እኔ ሦስቱን አማራጮች፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሱትን ሥርዓተ ክወናዎች፣ የማወዳድረው በዚያች መስመር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ አትጨነቁ። አይፒ አድራሻ (ማሽኑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ሰብኔት ማስክ (የኔትወርኩ ስፋት)፣ ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫው) እና ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው) ይሞላሉ፤ ማሽኑ መልስ መስጠቱን ለማየት ፒንግ ይደረጋል፤ አለቀ። በሦስቱም ያው ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ኋላ ነው፤ ቢሮ ስትቀይሩ፣ የአድራሻ አሰጣጡ ሲለወጥ፣ ወይም ሰርቨሩን የተከለው ልጅ ሥራ ሲለቅ።

አይቢኤም አይ

ስሙ ግራ ካጋባችሁ፣ ይህ በ1988 ኤኤስ/400 ተብሎ የወጣው ነው። በመሃል አይሲሪስም ሲስተም አይም ተብሏል። ከ2008 ወዲህ ሶፍትዌሩ አይቢኤም አይ ይባላል፤ የሚሠራውም ፓወር በሚባሉት ማሽኖች ላይ ነው። የቆዩ ባለሙያዎች አሁንም «ኤኤስ ፎር ሃንድረድ» ነው የሚሉት። ስሙ ይርጅ እንጂ ሥርዓቱ አልተተወም፤ 7.6 የተባለው ዕትም በ2025 ወጥቷል።

አወቃቀሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማሽኑ ለኔትወርክ ካርዱ የሰጠው ስም ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ ሲኤምኤን ብሎ ጀምሮ ቁጥር ያስከትላል። በካርዱ ላይ «ላይን»፣ ማለትም ካርዱን ከኔትወርኩ ጋር የሚያያይዘው መግለጫ፣ ይፈጠራል። በላይኑ ላይ አይፒ አድራሻ ይቀመጣል። ከዚያ ሩቱ (ወደ ሌላ ኔትወርክ በየት እንደሚወጣ)፣ በመጨረሻ የማሽኑ ስምና ዲኤንኤስ። መንገዱ ሳይኖር የቤት ቁጥር አይሰጥም እንደማለት ነው። ከላይኑ በኋላ ያለውን ሥራ ሲኤፍጂቲሲፒ የሚባለው ትእዛዝ በአንድ ሜኑ ይሰበስበዋል፤ ቁጥር 1 አድራሻዎቹ፣ 2 ሩቶቹ፣ 10 የሆስት (የማሽን ስሞችና አድራሻዎች) ሰንጠረዡ፣ 12 የዶሜይን ስሙ።

ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ሲያይ የሚሸሽ ወጣት አይጠፋም። ለመማር ግን ያን ያህል አይከብድም። ትእዛዙን ጽፋችሁ ኤፍ4 ስትጫኑ መሞላት ያለበት ሁሉ ይዘረዘራል። ኤፍ1 ስትጫኑ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ምን እንደሚፈልግ ያስረዳችኋል። በብሮውዘር የሚከፈት ናቪጌተር የሚባል ማስተዳደሪያም አለው፤ በፖርት (የአገልግሎቱ በር ቁጥር) 2002፣ ሲመሰጠር ደግሞ በ2003። እኔ ለማየት ናቪጌተሩን፣ ለመቀየር ትእዛዙን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። እዚህ ሥርዓት ላይ የተቀመጠን አይፒ አድራሻ ባለበት አስተካክሎ ሌላ ማድረግ አይቻልም። አዲሱ ይጨመራል፣ አሮጌው ይዘጋል፣ ከዚያ ይሰረዛል። አሮጌውን የተደገፈ ሩት ካለ እሱ መጀመሪያ መነሳት አለበት። ሲሰሙት ያደክማል፤ ግን ጥቅምም አለው። ሁለቱ አድራሻዎች በአንድ ላይን ላይ ጎን ለጎን መሥራት ይችላሉ። አዲሱን ከፍታችሁ ሠራተኛውን ቀስ በቀስ ወደ እሱ ታዛውራላችሁ፤ ሥራ አይቆምም። ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ የአድራሻ ለውጥ ቅዳሜና እሁድን አይበላም።

የማያውቅ ከሆነ ግን የገባበትን አድራሻ ራሱ ይዘጋና ውጭ ይቀራል። ያኔ ማዳኛው ኮንሶሉ፣ ማለትም የማሽኑ ዋና መቆጣጠሪያ ስክሪን፣ ብቻ ነው። ኮንሶሉ ኤችኤምሲ በሚባለው መቆጣጠሪያ በኩል ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ በላን (በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ) ከተያያዘ ፒሲ። የላን ኮንሶሉ የራሱ አድራሻ አለው፤ የሚዋቀረውም ከሲኤፍጂቲሲፒ ውጭ፣ ሰርቪስ ቱልስ በሚባሉት የጥገና መሣሪያዎች ውስጥ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው። ስለዚህ የትኛው ኮንሶል በዋጋው ውስጥ እንዳለ ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፖርቶቹም ራስ ምታት ናቸው። የሠራተኛው ስክሪን በቴልኔት 23 ይመጣል፤ ሲመሰጠር በ992። የዳታቤዝና የፋይል አገልግሎቶቹ ከ8470 እስከ 8476 ናቸው፤ ሲመሰጠሩ ከ9470 እስከ 9476። የየአገልግሎቱን ፖርት የሚጠቁመው 449ም አለ። ቅርንጫፍ ካላችሁ መሃል ላይ ያለው ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ይህን ዝርዝር ይፈልጋል። በ23 የሚያልፈው ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉም ጭምር፣ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። «ለጊዜው በ23 እንጀምር» ካላችሁ ለዘላለሙ በ23 ትቀራላችሁ። ለማመስጠር የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት በተከላው ቀን ይገባ።

ዊንዶውስ ሰርቨር

ላፕቶፕ ላይ አይፒ አድራሻ የሞላ ሰው እዚህም ይሞላል። መስኮቱ ያው ነው። መስኮት የሌለው ኮር የሚባለው አጫጫን ላይ ደግሞ ኤስኮንፊግ የሚል ቁጥር የሚመረጥበት ሜኑ አለ። ባለሙያ ፍለጋ አትንከራተቱም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከዚሁ ይመጣል። ማንም ስለሚችለው ማንም ይነካካዋል፤ ማን ምን እንደቀየረም አይታወቅም። ሌላም አለ። ሰርቨሩ የገባበትን ኔትወርክ መለየት ሲያቅተው «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል፤ ፋየርዎሉም ጠበቅ ያለ ይሆናል። አይፒው ትክክል ነው፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ ፋይል ሼሩ ግን አይከፈትም። ብዙ ሰው ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ስዊች ሲመረምር ይውላል። መጀመሪያ የኔትወርኩን ፕሮፋይል እዩ። ሰርቨሩን ከሩቅ የሚያሠራውን ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ፖርት 3389ን፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ደግሞ በጭራሽ አይደረግም፤ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መንገድ) ይኑር።

ላይሰንሱ በፕሮሰሰሩ ኮር ይቆጠራል፤ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር ይከፈላል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ ካል የሚባል የመጠቀሚያ ፈቃድ አለ። ዳታቤዙ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ለብቻው ይከፈልበታል።

ኡቡንቱ ሰርቨር

ኡቡንቱ ከሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ ነው። እዚህ የኔትወርኩ አወቃቀር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ ኔትፕላን ይባላል። ፋይሉን ቅጂ ማስቀረት፣ ማተም፣ ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ክፍት ቦታ ላይ ግን ግትር ነው፤ ታብ አይቀበልም፣ አንድ መስመር ከቦታው ፈቀቅ ካለ አይሠራም።

ከሦስቱ በጣም የምወደው ባሕርይ ያለው እዚህ ነው። «ኔትፕላን ትራይ» ስትሉት አዲሱን አወቃቀር ይሞክርና 120 ሰከንድ ይጠብቃችኋል። ካላረጋገጣችሁ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሰርቨሩ ሐዋሳ፣ እናንተ አዲስ አበባ ብትሆኑ ይህ የጉዞ ወጪ ያስቀራል። የኔትወርክ ካርዶችን በቦንድ (እንደ አንድ ካርድ) ወይም በብሪጅ (እንደ ድልድይ) ካያያዛችሁ ግን ብዙ አትተማመኑበት፤ የእነሱን ዝርዝር ቅንብር መመለስ አይችልም። ክላውድ ኢኒት የሚባለው፣ ሰርቨሩ ሲነሳ በራሱ የሚያዋቅር ፕሮግራምም፣ በእጅ የጻፋችሁትን ከሪስታርት በኋላ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ኔትወርኩን እንዳይነካ አስቀድሞ ይዘጋ።

የላይሰንስ ክፍያ የለም። 24.04 የተባለው ዕትም መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 ነው። ድጋፍ የሚሰጥ ኩባንያ ከኋላዬ ይኑር የሚል ደግሞ ሌላውን ሊኑክስ፣ ሬድ ሃትን፣ ይመልከት፤ እሱ በምዝገባ ክፍያ ነው፣ ኔትወርኩም በሜኑ ሊዋቀር ይችላል።

ታዲያ የቱን?

ሶፍትዌራችሁ ቀድሞውኑ አይቢኤም አይ ላይ ከሆነ አትነቅነቁ። የኔትወርኩ አወቃቀር ልዩ ሆነ ተብሎ በዓመታት የተገነባ ሥራ አይጣልም። ይልቅ ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ። ዋጋውን ስታወዳድሩም ዳታቤዙ በውስጡ አብሮ እንደሚመጣ አስቡ፤ ከዊንዶውሱና ከኤስኪውኤል ሰርቨሩ ድምር ጋር እንጂ ከባዶ ዊንዶውስ ጋር አይመዘንም። ትናንሾቹ ማሽኖች ላይ ላይሰንሱ የተጠቃሚ ቁጥርንም ያይ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ።

ከዜሮ የምትጀምሩ፣ የሂሳብ ሶፍትዌራችሁም ዊንዶውስ የሚፈልግ ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር ግዙ፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ግን ከሁለት ሰው በላይ አይያዘው። ሊኑክስ የሚችል ቋሚ ሠራተኛና ብዙ ቅርንጫፍ ካላችሁ ኡቡንቱን እመርጣለሁ። «ቋሚ» ያልኩት አውቄ ነው። በስልክ የሚጠራ ባለሙያ ብቻ ካላችሁ፣ ነጻ የተባለው ሥርዓት ከሁሉም ይወደዳል።

የቱንም ብትገዙ ርክክቡ ላይ ማሽኑ በሥርዓት ጠፍቶ ይነሳ። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ሙከራ መታለፍ የለበትም። አይቢኤም አይ ላይ ኔትወርኩን የሚያሠራው ቲሲፒ አይፒ በራሱ እንዲነሳ መታዘዙን፣ እያንዳንዱ አድራሻም አብሮ እንዲነሳ መደረጉን አይታችሁ ፈርሙ። የሩቶቹንና የአድራሻዎቹን ዝርዝር አሳትማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት። ዊንዶውስ ከሆነ አይፒ ኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ ሙሉ ውጤት፣ ኡቡንቱ ከሆነ የኔትፕላኑ ፋይል ይታተም። ወረቀቱ ሳይያያዝ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።