የኮሌጃችን የክበባት ጽሕፈት ቤት፦ ክፍል ይሰጣል፣ ስም ግን አይሸፍንም

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኤልጂቢቲኪው (የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ የትራንስጀንደርና መሰል ማንነት ያላቸው) ተማሪዎች ክበብ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ደጁን ደጋግሜ የረገጥሁት ክበባትን የሚመዘግበው፣ የመሰብሰቢያ ክፍል የሚሰጠውና በጀት የሚለቅቀው ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ክበብ ለመምራት ለሚያስቡ የሀበሻ ተማሪዎች የአገልግሎቱን ነገር ለመጻፍ ወደድሁ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ፤ ለቀነስኋቸው ሁለት ኮከቦች ምክንያቱ የአባላት ስም ዝርዝር ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። የአምስት ተማሪዎች ስም፣ አንድ አማካሪ መምህርና መተዳደሪያ ደንብ ይጠየቃል። ደንቡን ስናረቅቅ የእናቴ ዕድር ደንብ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የሊቀመንበሩ፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ሥልጣን የተከፋፈለበት መንገድ ከሞላ ጎደል ያው ሲሆን፣ የቀረው የቀሪና የዘግይቶ መጪ ቅጣት ብቻ ነው። የመሰብሰቢያ ክፍልም ሳንጉላላ አግኝተናል፤ ረቡዕ ማታ፣ ከዋናው መተላለፊያ ራቅ ያለ፣ በሩ መስታወት የሌለው። ሠራተኛዋ ምክንያቱን ሳትጠይቀን ይህን ክፍል የመረጠችልን በመሆኑ ምስጋና ይገባታል።

የገንዘቡ አሠራር አድካሚ ነው። መጀመሪያ ከኪስ ተከፍሎ በኋላ ይመለሳል፤ በመስከረም ለመጀመሪያው ስብሰባ የገዛሁት ዘጠኝ ሣጥን ፒዛ ገንዘቡ የተመለሰልኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የካርድ ክፍያ ወረቀቱ ስለማይበቃ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ መያዝ ግድ ነው። ይህ ግን ሁሉንም ክበብ የሚያስቸግር ስለሆነ ቅሬታ አልለውም።

ወደ ስም ዝርዝሩ ልመለስ። ክበቡ ሲመዘገብ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የራሱ ገጽ ይከፈትለታል፤ አባል የሆነ ሰው ሁሉ ስሙና ፎቶግራፉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ኮሌጁ ውስጥ ላለ ተማሪ በሙሉ ይታያል። በጥቅምት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጥታ የራሷን ፎቶግራፍ ካሳየችኝ በኋላ፣ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስሜን አውጡልኝ፤ የአክስቴ ልጅ እዚሁ ነው የሚማረው» አለችኝ። ስሟን ያን ጊዜውኑ አወጣነው፤ እርሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ጽሕፈት ቤቱ ስንጠይቀው ገጹን የምንደብቅበት ቅንብር እንዳለ በትሕትና ነገረን። ቅንብሩ በእርግጥ አለ፣ ሦስተኛው ማውጫ ሥር። ወሬ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ እሑድ በሚበቃው ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ግን ይህ ዘግይቶ የመጣ መፍትሔ ነው።

ችግሩ አዲስ እንዳልሆነ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ገጽ ሊሠሩት አይገባም ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1966 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው የተማሪዎች ማኅበር፣ ዕውቅና ለማግኘት የተቸገረው አስተዳደሩ የአባላት ዝርዝር አምጡ በማለቱ ነው። ዝርዝር ሳይቀርብ ገንዘብም ሆነ ይፋዊ ስብሰባ አልነበረም። መሥራቹ ስቲቨን ዶናልድሰን ታዋቂ የተማሪ መሪዎችን ለወጉ ያህል አባል አድርጎ በማስመዝገቡ፣ የሌሎቹ ስም ሳይወጣ በሚያዝያ 1967 ማኅበሩ ዕውቅና አገኘ። እኛም ዘንድሮ ያደረግነው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በቅጹ ላይ የሰፈሩት አምስት ስሞች ማንነታቸውን ቀድሞውኑ ይፋ ያደረጉ ወይም ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ተሳታፊ በቁጥር ብቻ ይመዘገባል፤ ጽሕፈት ቤቱም ለበጀት ጥያቄ ቁጥሩን ያለ ክርክር ተቀብሎናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን ራሴ አንብቤ ነው ያወቅሁት። የተማሪዎችን መዝገብ ምስጢር የሚጠብቀው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ኮሌጆች የተማሪውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ይፋ ሊያደርጓቸው ከሚችሏቸው መረጃዎች መካከል ዕውቅና ባላቸው እንቅስቃሴዎች መሳተፍን ይቆጥራል። ተማሪው መረጃዬ አይውጣ ብሎ በጽሑፍ የማስቆም መብት አለው፤ ቅጹ የሚገኘው በመዝገብ ቤት ነው። ክበብ ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ይህን ቅጽ አስቀድሞ ቢሞላ እመክራለሁ።

የአባላት ገጽ ሲከፈት ከመጀመሪያው ተደብቆ እንዲከፈት በመጋቢት በጽሑፍ ጠይቀናል። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ ከተለወጠ ኮከቡን አስተካክላለሁ።