ላንድክሩዘር 80፦ ይሸጥ ወይስ ይታደስ?

የቤተሰባችን መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተሠራ ቶዮታ ላንድክሩዘር 80 ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1997 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲዘጋ ካወጣው ጨረታ ገዝተው ቀረጡን ከፈሉና ኮድ 2 ታርጋ አወጡለት። ያን ጊዜ 180,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ቆጣሪው 431,000 ያሳያል። እኔም ሁለቱ ወንድሞቼም መንዳት የተማርነው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ይሸጥ የሚለውን ሐሳብ ከእኛ አንዳችን እንኳ በአፋችን አላነሣነውም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ያነሡት እናቴ ናቸው። በሩ ተከፍቶላቸው እግራቸውን ለማንሣት ሁለት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው፣ «እሱን መውደድ ጉልበት ላለው ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ወደ ጎን ብዬ እንደ ባዕድ ሰው ልመዝነው ሞክሬያለሁ፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ሚዛን ውጤት ነው።

በሞተሩ ልጀምር። የእኛው መኪና የያዘው 1ኤችዜድ የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ተርቦ የለውም፤ ኮምፒውተርም የለውም፤ ናፍጣውን የሚያከፋፍለው ፖምፓ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ጉልበቱ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ከሁለት ቶን በላይ ለሚመዝን መኪና ይህ ብዙ አይደለም። ፋብሪካው የለካው ደግሞ በባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሚኒባስ ታክሲ ጥሩምባ እየነፋ ቢያልፈው ጥፋቱ የሾፌሩም የሞተሩ እርጅናም አይደለም፤ ይህ መኪና አዲስ ሳለም በዚያ ዳገት እንዲሁ ነበር። ሆኖም ይኸው ሞተር ዛሬም ድረስ በላንድክሩዘር 70 ላይ እየተገጠመ የሚሸጥ መሆኑ ከስሌቴ ውስጥ ከባድ ቦታ አለው፤ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት ለሞላው መኪና ፒስቶኑም ጓርኒሲዮኑም እስካሁን በአዲስነቱ ይመረታል ማለት ነው።

ብቃቱን የፈተንኩት ዘንድሮ በጥቅምት ወደ ባሌ በሄድንበት ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ በአዳማና በአሰላ አድርገን ሮቤ ለመድረስ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን፤ 95 ሊትር የሚይዘው ሰርባቶዮ ከቤት ሞልተነው ስለወጣን ሮቤ እስክንገባ ማደያ አልፈለግንም። በአስፋልት ላይ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ የሞተሩ ድምፅ ጨዋታ ይከለክላል፤ መሪውም መሐል ላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ስላለው በነፋስ ጊዜ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከጎባ በላይ ግን መኪናው የሚናገርበት ቦታ ላይ ደረስን። የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ወደ ስድስት አሥረኛ ይወርዳል። ጥቁር ጭስ እያወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገመ፣ ነገር ግን የሙቀት መለኪያው ከመሐል ሳይነቃነቅ ወጣ። ወደ 4,377 ሜትሩ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ላይ ወርጄ የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ መሐላቸው ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጄ አዞርኩና ለከባድ ዳገት የምትሆነውን ትንሿን ማርሽ አስገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ መርገጥ እንኳ አላስፈለገኝም፤ በራሱ ጊዜ እየተሳበ ወጣ። ጅብራው መሐል ቆመን የኋላውን የታችኛውን ክዳን ዘርግተን ቡና አፈላንበት። ይህ ለሁለት የሚከፈል ክዳን፣ ላይኛው ከዝናብ የሚከልል፣ ታችኛው ወንበርም ጠረጴዛም የሚሆን፣ በማንኛውም አዲስ መኪና ላይ ፈልጌ ያላገኘሁት ነገር ነው።

ከሳነቴ በሐረና ጫካ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው ቁልቁለት ከ2,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። አስታው አልቆ ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ ፒስታው ጭቃ ነበር። ኮረኮንች ላይ የዚህ መኪና ምስጢር ከፊትም ከኋላም በጠንካራ አክስል ላይ የተቀመጡት ረጃጅም ሞላዎች ናቸው፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ላይ ቆሞ ቤቱ ሳይናወጥ ያልፋል። ከኋላ ባሌስትራ ያለው ሃርድቶፕ የሚባለው የላንድክሩዘር 70 ዓይነት በዚያው መንገድ ላይ ተሳፋሪውን እንደ ስንዴ ያበጥራል። ፍሬኑ ግን አሳሰበኝ። በማርሽ እያገዝኩ ብወርድም ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ጠልቆ ሽታውም ቤት ውስጥ ገባ፤ ዶሎ መና ደርሰን እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን።

ስለ ጥገናው እውነቱን ለመናገር መኪናው ጥሩ ስም ያገኘው የማይበላሽ ስለሆነ አይደለም፤ ብልሽቱ የሚታወቅና ቀድሞ የሚናገር ስለሆነ ነው። የፊት ጎማ መታጠፊያው ኳስ ላይ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ የዲፍረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ በጎማው ውስጠኛ ጎን ይወርዳል፤ ማንም ሾፌር ያየዋል፣ ማንም ሠፈር ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ሳይናገር የሚገድለው አንድ ነገር ቢኖር የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ጥርሳም ቀበቶ፣ የሞተሩ ቺንጋ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስቶኑ ይጋጫሉ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ «ኦርጅናል ነው» ብሎ የገጠመልን ቺንጋ በ30,000 ኪሎ ሜትር ጥርሱ መርገፍ ጀምሮ ተገኘ። ያገኘነውም በአጋጣሚ ነበር፤ የውኃ ፖምፓ ለመቀየር ተከፍቶ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫውን ራሴ ሳልገዛ፣ ሲገጠምም አጠገቡ ሳልቆም መኪናውን ጋራዥ አላስገባም፤ ሌላውም ሰው ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ለመኪናው ይመሰክራል። ከወንድሞቼ ጋር ያጨቃጨቀን ግን ደኅንነቱ ነው። የእኛው መኪና ኤርባግ የለውም። የመሐለኛው ወንበር መካከል ያለው ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚይዝ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ልጅ ሳለን የምንጣላባቸውና ዛሬ ልጆቻችን የሚጣሉባቸው፣ ምንም ቀበቶ የላቸውም። ታላቅ ወንድሜ «እኛ በዚያው ላይ አድገን የለም ወይ?» ይላል። አድገናል፤ ነገር ግን እኛ ስናድግ የሞጆ መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ይህን ያህል ከባድ መኪና አልነበረም፤ ደግሞም ያልደረሰብን አደጋ የመኪናውን ደኅንነት አያረጋግጥም። ብዙ ሰው ላንድክሩዘርን ትልቅና ከባድ ስለሆነ ብቻ አስተማማኝ ይለዋል። በግጭት ጊዜ ክብደቱ ሊጠቅም ይችላል፤ ከፍታው ግን ድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ለመገልበጥ ያቀርበዋል፤ ቀበቶ የሌለው ልጅ ደግሞ መኪናው ምንም ያህል ቢጠነክር ውስጡ መወርወሩ አይቀርም።

ታዲያ በምን ይተካ? እዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ ምርጫውን አጥብቦታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ገበያው ላይ ያለው የናፍጣ ጂፕ ሁሉ ቀድሞ የገባና የሰው እጅ ያየ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ሲታከልበት ዋጋው የት እንደደረሰ ደላላ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት መኪና አየሁ።

የመጀመሪያው ባለ 3 ሊትር ተርቦ ፕራዶ ነበር። እናቴ በአንድ ሙከራ ገቡበት፤ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው፤ ኤርባጉም ቀበቶውም ተሟልቷል። እውነት ለመናገር ለአስፋልትና ለደኅና ፒስታ ከእኛው የተሻለ መኪና ነው። ነገር ግን ኢንጄክተሮቹ በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ስለሆኑ ውኃና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ አይታገሡም፤ በጀሪካን ናፍጣ በሚሸጥበት ገጠር ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚህም በላይ ባለቤቱ «150,000 ብቻ ሄዷል» ያለኝን መኪና ፔዳል ስመለከት ጎማው አልቆ ብረቱ ያብለጨልጭ ነበር፤ የእኛው እንኳ በ431,000 እንዲያ አልሆነም። ሁለተኛው ሃርድቶፕ ነበር፤ ሞተሩ የእኛው ሞተር ነው፣ ከኋላ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ስላሉት በደኅንነት ረገድ ከነበርንበት ወደ ባሰው መሄድ ነበር። ብዙ ሳልቆይበት ተመለስኩ።

ሦስተኛው በከተማችን በዝቶ የምናየው ከቻይና የመጣ ባለ ሰባት ወንበር የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። ታናሽ ወንድሜ ገዝቶ ስለነበር ለሁለት ሳምንት ተዋስኩት። ለአዲስ አበባ ውስጥ ጉዞ ላንድክሩዘሩን ከእሱ ጋር ማነጻጸር ግፍ ነው፤ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ማታ ቤት ተሰክቶ ያድራል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ማደር ቀረ። ግን ባትሪው ወለሉ ሥር የተነጠፈ መኪና ይዞ የቱሉ ዲምቱን ድንጋይ መውጣት የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከጎባ በኋላም የት ሊሰኩት ነው? ቤተሰቡ ሁለት መኪና የመያዝ አቅም ቢኖረው መልሱ ያለ ጥርጥር ይኸው ነበር፤ የእኛ ቤት እድል ሆኖ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ ስለሚኖር የከተማውን ሥራ በእሱ መኪና ለመጋራት ተስማማን።

የቀረው ጥያቄ አሮጌው መኪና ገንዘብ ሊወጣበት ይገባዋል ወይ የሚለው ነበር። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው መካኒካችን፣ እኔም ጋሼ የምለው ሽማግሌ፣ ሞተሩን ትቶ መጀመሪያ ሥሩ ገባ። «ልጄ፣ ሞተር ይወጣል ይገባል፤ ሻንሲ ከበሰበሰ ግን ሊብሬ ብቻ ነው የቀረህ» አለኝ። ሻንሲውን በመዶሻ እያንኳኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ድምፁ ደኅና ነበር። ዝገት የተገኘው ከኋላ ጎማዎች በላይ ባለው ላሜራና በኋላ መስኮቶቹ ጥግ ሲሆን፣ ይህ ላሜራ ሠሪ የሚጨርሰው ነው። የሲሊንደሮቹ ግፊት ሲለካ ከስድስቱ የአንዱ ከሌሎቹ ዝቅ አለ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ወርዶ ቫልቮቹ መስተካከል አለባቸው። የቴስታታው፣ የፍሬኑ፣ የአሞርዛቶሩና የላሜራው ሥራ በሙሉ ተደምሮ ያየሁት ፕራዶ ከተጠየቀበት ዋጋ አንድ አሥረኛ አልደረሰም።

ስለዚህ አልሸጥነውም። ፍርዴ ግን ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም፦ መኪና የሌለው ሰው ዛሬ ላንድክሩዘር 80 ልግዛ ቢለኝ፣ ሻንሲውን በመዶሻ ሳያስመታ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ሳያይ፣ ከብርድ ሲነሣም ነጭ ጭስ እያወጣ ይቆይ እንደሆነ በጠዋት ሄዶ ሳያጣራ እንዳይገዛ እለዋለሁ። ባለቤቱ ተርቦ ያስገጠመበት ከሆነ ደግሞ ባይቀርበው ይሻላል፤ ይህ ሞተር ለተርቦ አልተሠራም፣ ቴስታታውም በሙቀት ይሰነጠቃል። ከከተማ የማይወጣ ሰው ግን ከነጭራሹ አይግዛው። ለመውደድ ብቻ የሚያቆመው ከሆነ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱና ዘይቱ ያስመርሩታል።

እናቴን ያስቸገረው ነገር መፍትሔው ያሳፍር ነበር፤ በበሩ ሥር የሚገጠም መረገጫና የሚያዝ እጀታ ብየዳ ቤት በአንድ ቀን ሠራልን። የመሐለኛው ወንበር መካከልም ትከሻ የሚይዝ ቀበቶ ሻንሲውን በሚያውቅ ሰው ተገጠመለት። የኋላዎቹን ሁለት ወንበሮች ግን ፈትቼ ዕቃ ቤት አስገባኋቸው፤ ለእነሱ የሚታመን ቀበቶ ማሰሪያ ቦታ አልተገኘም። ታላቅ ወንድሜ እስካሁን አኩርፎኛል፤ ምክንያቱም ለጥምቀት ስንወጣ ሁለቱ ልጆቹ በአውቶቡስ መሄድ ሊኖርባቸው ነው።