ፎቶን ቆጣሪው ሲቲ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ምስሉ ጠርቷል፣ ቁጥሩስ?

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የልብ ሲቲ ምስሎች ተለክተው ውጤታቸው በቁጥር በሚወጣበት ክፍል ነው። ፎቶን ቆጣሪ ሲቲ፣ ማለትም የራጅ ጨረሩን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) አንድ በአንድ የሚቆጥር አዲስ ዓይነት ማሽን፣ ከገባልን ወራት አልፈዋል። የድሮውም ማሽን ጎን ለጎን እየሠራ ስለሆነ ሁለቱን በየቀኑ አያለሁ። የማሽኖቹን ስም አልጠራም። ማውራት የምፈልገው ስለ ዲቴክተሩ፣ ማለትም ጨረሩን ስለሚቀበለው ክፍል ነው፤ ለውጡ የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በጣም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ከእሱ የወጣን ቁጥር ከድሮው ማሽን ቁጥር አጠገብ አስቀምጦ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ» ማለት አደገኛ ነው።

በተለመደው ሲቲ የራጅ ጨረሩ በሰውነት አልፎ ዲቴክተሩ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ይቀየራል። ብርሃኑ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ። የመጣው ጉልበት ሁሉ ተደምሮ አንድ ድምር ይሆናል። ብርሃኑ ወደ ጎረቤት ፒክስል እንዳይፈስ በየመሃሉ መለያ ግድግዳ አለ፤ ስለዚህ ፒክስሉን እንደልብ ማሳነስ አይቻልም። አዲሱ የሚጠቀመው ካድሚየም ቴሉራይድ ነው። እያንዳንዱ ፎቶን በቀጥታ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጥራል። ምቱ ይቆጠራል፣ የጉልበቱም መጠን ይለካል። ከተወሰነ ጉልበት በታች ያለው ስለማይቆጠር የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታው (ምስሉን የሚያደበዝዘው ሽርፍራፊ ምልክት) ምስሉ ውስጥ አይገባም። መለያ ግድግዳ ስለማያስፈልግም 0.2 ሚሊሜትር ስስ ስላይስ (የምስል ቁራጭ) ማውጣት ይቻላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መላ ሰውነት የሚያነሳ እንዲህ ያለ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ነው። ገና አዲስ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየኝ ካልሺየም የበዛበት የልብ ደም ቧንቧ ላይ ነው። በድሮው ዲቴክተር ካልሺየም ከራሱ በላይ አብጦ ይታያል፤ የቧንቧውን ክፍት ቦታ ይጋፋል። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ውስጥ 1.6 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ቀረ እንበል። ጥበቱ 47 በመቶ ገደማ ነው። ካልሺየሙ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ አብጦ ቢታይ ክፍቱ 1.3 ይሆንና ጥበቱ ወደ 57 በመቶ ይዘላል። በሪፖርት አሠራራችን ከ50 በታች እና ከ50 በላይ የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ሰውየው ተጨማሪ ምርመራ እንዲያደርግ ሊታዘዝ ይችላል፤ የደም ቧንቧው ግን ያው ነው። አዲሱ ዲቴክተር ይህን እብጠት በግልጽ ይቀንሳል። ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የወንፊት ቱቦ) ያለባቸው ሰዎችም እንዲሁ። ትናንሽ ስቴንቶች ውስጣቸው «አይነበብም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። አሁን ብዙዎቹን አነባለሁ። ለእኔ ማሽኑ ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋ አለው።

ካልሺየም ስኮር፣ ማለትም በልብ ደም ቧንቧዎች ያለው ካልሺየም በቁጥር የሚገለጽበት ነጥብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። የተለመደው ዓይነት፣ የአጋትስተን ስኮር፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በዚያን ጊዜ ማሽን፣ በ3 ሚሊሜትር ስላይስ። 130 ሃውንስፊልድ (ሲቲ ላይ የአንድ ነጥብ ድምቀት መለኪያ) እና ከዚያ በላይ የሆነ ነጥብ ሁሉ ካልሺየም ተብሎ ይያዛል። ከዚያ የቦታው ስፋት ውስጡ ባለው ከፍተኛ እሴት ደረጃ ይባዛል፦ ከ130 እስከ 199 ከሆነ በ1፣ ከ200 እስከ 299 ከሆነ በ2፣ ከ300 እስከ 399 በ3፣ 400ና በላይ በ4። እንግዲህ 10 ካሬ ሚሊሜትር የሆነች ነጠብጣብ ከፍተኛ እሴቷ 199 ከሆነ 10 ታስመዘግባለች። 200 ከሆነ 20። በአንድ ሃውንስፊልድ እጥፍ ሆነ ማለት ነው! እሴቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ ካልሺየሙ ብቻ አይደለም። የስላይሱ ውፍረት፣ የጨረሩ ጉልበት፣ ምስሉን የሚያሰላው ሶፍትዌር ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ደግነቱ አዲሱ ማሽን ጉልበት ስለሚለይ ልክ በአንድ ጉልበት የተነሳ የሚመስል ምስል ማውጣት ይችላል። 70 ኬኢቪ (የፎቶን ጉልበት መለኪያ) ላይ በ3 ሚሊሜትር ሲወጣ በተለመደው 120 ኬቪ (የራጅ ቱቦው ቮልቴጅ) ከተነሳው ጋር ይቀራረባል። ወደ ዝቅተኛ ኬኢቪ ከወረዳችሁ ካልሺየሙ ይደምቃል፣ ስኮሩም ይወጣል። ስላይሱን ካሳሳችሁት ደግሞ ወፍራሙ ውስጥ ሟሙታ የነበረች ቅንጣት ብቅ ትላለች፤ «ዜሮ» የነበረው ሰው ዜሮ መሆኑ ይቀራል። ጫጫታ ማጥፊያው ሶፍትዌር ሲጠነክር በተቃራኒው ስኮሩ ዝቅ ወደማለት ያደላል። በዚህ ላይ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ፕላኩ፣ ማለትም በቧንቧው ግድግዳ የተከማቸው ነገር፣ እየጠነከረ ሲሄድ ስኮሩ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ከማሽኑ ጋር አይገናኝም። የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት የምንችለው ሌላው ነገር ሁሉ ሳይነካ ሲቆይ ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለስላሳው ፕላክ ነው። ስብ የበዛበትና በቀላሉ የሚፈነዳው ፕላክ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከ30 ሃውንስፊልድ በታች በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስኮትላንዱ ስኮት ሃርት ጥናት ትንተና ይህ ፕላክ ከ4 በመቶ በላይ የያዘባቸው ሰዎች የልብ ድካም የማግኘት ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የልብ ድካም ስል ድንገት ደም ተዘግቶ የሚመጣውን ጥቃት ማለቴ ነው። ቁጥሩ ከባድ ነው። ግን የተለካው በድሮው ዓይነት ዲቴክተር ነው። እጅግ ስስና ሹል ምስል ስናወጣ ጫጫታው ይጨምራል። ጫጫታው ከ30 በላይ የነበሩ ነጥቦችን ወደ ታች ይጥላል፣ ሶፍትዌሩም «ስብ» ብሎ ይቆጥራቸዋል። በሌላ በኩል የካልሺየሙ እብጠት ስለቀነሰ ከእሱ ጥላ ሥር የነበረ እውነተኛ ለስላሳ ፕላክ ይወጣል። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉታል። አንደኛው እውነት ነው፣ ሌላው ስህተት።

በቧንቧው ዙሪያ ያለው ስብም እንዲሁ ነው። የሚለካው ከኔጋቲቭ 190 እስከ ኔጋቲቭ 30 ሃውንስፊልድ ባለው ክልል ነው። ኬኢቪው ዝቅ ሲል ስቡ ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል። በ120 ኬቪ የተሠራን መስፈርት 50 ኬኢቪ ምስል ላይ መጫን ከንቱ ነው።

የልብ የመርጨት አቅም መለኪያ ብዙም አልተነካም። ትልቅ ክፍተት ነው የሚለካው፤ እዚያ የሚወስነው የማሽኑ ፍጥነት ነው።

የማያስደስተኝ ነገር የፋይሉ ክብደት ነው። 14 ሴንቲሜትር የሆነ ልብ በ0.4 ሚሊሜትር ስላይስና በ512 ማትሪክስ (በምስሉ በአንድ ጎን ያለው የፒክስል ብዛት) ወደ 175 ሜጋባይት ይወጣዋል። በ0.2 እና በ1024 ማትሪክስ ግን 1.4 ጊጋባይት፤ ለዚያውም ለአንድ የልብ ምት ምዕራፍ ብቻ። የትንተና ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል። በዚህ ደረጃ ለማንሳት የሚፈለገው ጨረርም ከተለመደው አነሳስ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይታዘዝም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ዓይነት ምስል አወጣለሁ፦ ለሐኪሙ ዓይን ስሱንና ሹሉን፣ ለልኬት ደግሞ ሁልጊዜ የማይቀየረውን። ኬኢቪው፣ ኬርነሉ (የምስሉን ሹልነት የሚወስነው የሶፍትዌር ምርጫ) እና የስላይሱ ውፍረት ከቁጥሩ ጎን ይጻፋሉ።

ከአዲስ አበባ ሲዲ ይዘው የሚመጡ ወገኖች አሉ፤ «እዚያ እንዲህ ነበር፣ እዚህ ጨመረብኝ» ብለው የሚደነግጡ። እባካችሁ ወረቀቱን ብቻ አትያዙ። ሙሉውን የዳይኮም ፋይል (ዋናውን የሕክምና ምስል ፋይል) ጠይቁ፤ ስሱም ስላይስ ይግባበት። የድሮው ምስል ካለ በአንድ ሶፍትዌር፣ በአንድ ሰው እጅ እንደገና መለካት ይቻላል። ስቴንት ወይም ብዙ ካልሺየም ካለባችሁና ሐኪማችሁ ይህን ማሽን ካዘዘ ሂዱ። መድኃኒት ጀምራችሁ ፕላካችሁ በየጊዜው የሚለካ ከሆነ ግን በጀመራችሁበት ማሽንና ሴቲንግ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።