ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ጡጦ ስንሰጥ፦ በጎኑ ወይስ ቀና አድርጎ?

እዚህ ሀዋሳ አብዛኞቻችን ጡጦ የምንሰጠው ልጁን ክንዳችን ላይ በጀርባው ትንሽ ቀና አድርገን ነው፣ ጊዜው ደርሶ ለተወለደ ልጅ ምንም አይደል። ያለጊዜው የተወለደ ግን መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር ወደ 34 ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ወተቱ ቀጥ ብሎ ጉሮሮው ላይ ከፈሰሰ ቶሎ ትን ይለዋል። በጎኑ ሲሆን፣ ማለት ጭናችሁ ላይ አንዱ ጆሮው ወደ ላይ ሆኖ፣ ጭንቅላቱ ከዳሌው ከፍ ብሎ፣ አንገቱ ሳይታጠፍ፣ ትርፉ ወተት ጉንጩ ውስጥ ይቆያል ወይ በአፉ ጥግ ይወጣል እሱም ትንፋሽ ያገኛል። እኔ በጎኑን ነው የምመርጠው፣ በተለይ መጀመሪያ ሰሞን፣ ጡጦውን ደሞ አግድም ያዙት እንጂ አትድፉበት። ቀና ማድረጉ ለማስገሳት ይሻላል፣ ልጁ ሲጠነክርም ይደርሳል። የጨቅላ ክፍል ነርሶች በእጃቸው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ እባካችሁ። በየትኛውም አያያዝ ከንፈሩ ሰማያዊ ከመሰለ ወይ አፍንጫው ከተርገበገበ ጡጦውን ወዲያው አውጡ፣ ቶሎ ካልተመለሰ ሀኪም ቤት ሩጡ!