የምትነዳ ሞግዚት፣ ሰርቪስ ወይስ ሹፌር ከነሞግዚት?

ልጆቹን ትምህርት ቤት እንድታመላልስ «መንጃ ፈቃድ ያላት ሞግዚት ፈልግልኝ» ብላችሁ ደላላ ጋ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ እሷ መሪ ስትይዝ ከኋላ ያለውን ልጅ ማን ይይዘዋል?

እኛ ካዛንቺስ እያለን ሁለቱን ልጆች አራት ኪሎ የምታመላልስ ሞግዚት ቀጥረን ነበር። ነጂነቷ አይታማም። በሁለተኛው ቀን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች፦ «እትዬ፣ ትንሹ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ትልቁን ማን ያውጣልኝ?» የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ የሚያስረክበው በሩ ድረስ ለመጣ ሰው ነው። አስፋልቱ ላይ ማቆም አይቻልም፣ ትንሹን መኪና ውስጥ ቆልፎ መውረድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ራቅ አድርጋ አቁማ፣ የሁለት ዓመቱን ልጅ ከነእንቅልፉ አዝላ ሄደች። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ቀበቷቸውን ራሳቸው የሚያስሩ ከሆነ የምትነዳ ሞግዚትን የሚያህል የለም። ልጅ አተኮሰው ተብሎ ከትምህርት ቤት ሲደወል ከቢሮ አትሮጡም። ግን በሞግዚት ደሞዝ ሹፌር አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ሁለት ሥራ ነው፣ ክፍያውም እንደዚያው ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ስለማይሸፍን የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑንና የትራፊክ ቅጣት ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ተዋዋሉ። መኪናው አደጋ ቢያደርስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ «እሷ ናት የነዳችው» ማለት አያዋጣም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ከገባችሁ የራሳችሁን መኪና ጉዳት አይከፍልላችሁም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁም ሌላ ሰው ሲነዳ ውሉ ምን እንደሚል ቀድማችሁ ጠይቁ። የነዳጁ ነገር ቀላል ነው፦ ቴሌብሯ ላይ ትልኩላታላችሁ፣ የቀዳችበት ደረሰኝ ስልኳ ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁማ ከዚህም ተገላግላችኋል።

ሰርቪስ ከሁሉም ይረክሳል፤ ሞግዚቷም ከትንሹ ጋር ቤት ትውላለች። ጣጣው ጠዋት ነው። መጀመሪያ የሚነሳው ልጅ የእናንተ ከሆነ ለ2 ሰዓት ትምህርት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይቆማል፣ ቁርሱም ግማሹ ሚኒባስ ውስጥ ይበላል። ከመስማማታችሁ በፊት አንድ ጠዋት በአካል ሄዳችሁ እዩ፦ ስንት ልጅ ነው የሚጫነው? አንድ ወንበር ላይ ሦስት ይደረደራሉ? በር የሚከፍትና ልጆቹን የሚያሻግር ረዳት አለ? ረዳት ከሌለ ዋጋው ቢረክስም እኔ አልሰጥም። ክረምት ላይ ይከፈል አይከፈል እንደሆነም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ሹፌርና ሞግዚት ለየብቻ መቅጠር ለሕፃናት ከሁሉም ይሻላል፣ ኪስ ግን ይጎዳል። ሹፌሩ ልጆቹን አድርሶ እናንተንም ሥራ የሚያደርስ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያጥብ ይውላል።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ ከሞግዚት ጋር? ለአንድ ሳምንት ችግር ማለፊያ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ሹፌር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ማግኘቱም ይከብዳል።

እኛ በመጨረሻ ትልቁን ረዳት ላለው ሰርቪስ ሰጠነው። ሞግዚቷ ግን አልቀረችም፤ የመኪናው ቁልፍ እሷ ጋ ነው። በወር አንዴ ሁለቴ ሰርቪሱ ሲቀር ወይም ልጁን ሲያመው ትነሳለች፤ ለዚያም ደሞዟ ላይ ጨምረንላታል።