ሬይማሪን ኢቪ-100 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሁሉም ነገር በካሊብሬሽኑ ይወሰናል

ኢቪ-100 ጀልባን በራሱ የሚመራ አውቶፓይለት ነው፤ እዚህ የማወራው የመሪ ጎማ ላላት ባለ ሸራ ጀልባ ስለተሠራው ዓይነት ነው፤ ክብደቷ ከጭነቷ ጋር ከ7,500 ኪሎ ግራም ከበለጠ አይሆናትም። አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ወራት ከሠራ በኋላ በጣም ወድጄዋለሁ። ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ከጀልባዋ ጋር የማስተካከል ሥራው፣ ከተበላሸ ግን ጀልባዋ እንደ እባብ እየተጥመለመለች ትሄዳለች።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአቀማመጥ ነው። የኢቪ-1 ኮምፓስ ጠፍጣፋ ተቀምጦ ቀስቱ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ማየት አለበት፤ መዛነፉ ከ5 ዲግሪ አይለፍ። ከድምፅ ማጉያ፣ ከሌላ ኮምፓስና ከወፍራም የባትሪ ሽቦ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። አጠገቡ ባለው ሣጥን የብረት መፍቻ መጨመር ብቻውን አቅጣጫውን ያዛባል።

ጀልባዋ እንደታሰረች መሪው ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ የሚፈጅበትን ሰከንድ ለክተው ያስገቡ። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሣጥን፣ ኤሲዩ-100፣ የመሪውን ቦታ የሚለካ ዳሳሽ ስለማይቀበል ማሽኑ የመሪውን ቦታ የሚገምተው ከዚህ ቁጥር ነው። ትልቁ ድክመቱም ይኸው ነው። ቀጥሎ መሪው ወደ ግራ መዞሩን ሲጠይቅ በዓይን አይተው ይመልሱ፤ ከተሳሳቱ ማሽኑ የአቅጣጫ ስህተትን ከማረም ይልቅ ያባብሰዋል።

ውሃ ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ከመሪው አይለይም፣ ሌላው ዙሪያውን ይቃኛል። አስቀድመው ሞተሩን ከመሪ ጎማው የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን የክላቹን ማንሻ ይለማመዱ። አውቶፓይለቱን የሚያቆመውን ስታንድባይ ተጭነው ክላቹን ካልለቀቁ መሪው በእጅ ይከብዳል፤ ጀልባ ድንገት ፊትዎ ሲመጣ ያ መዘግየት አደጋ ነው።

ንፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ሸራ አውርደው፣ ከሐይቁ ተንሳፋፊ ድልድዮችና ከብረት መርከቦች ርቀው፣ ከ3 እስከ 15 ኖት በሆነ የማይለዋወጥ ፍጥነት ሰፊ ክብ ይዙሩ። የኮምፓሱ ልኬት 100 ዲግሪ ያህል ሲዞሩ ይጀምራል፤ ውጤቱ የሚሠራው ግን ቢያንስ 270 ዲግሪ ሲሞላ ነው። እኔ ሙሉ ክብ እመክራለሁ። ከዚያ ዲቪዬሽኑን፣ ማለትም በአካባቢው ብረትና ማግኔት ምክንያት የመጣውን የኮምፓስ መዛባት፣ ያንብቡ፤ 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመው መዞር አይጠቅምም፣ ኮምፓሱን ያዛውሩት።

የቀረውን ልዩነት ለማረም በቀጥታ እየሄዱ የኮምፓሱን አቅጣጫ ከጂፒኤስ ጋር ያነጻጽሩ። ሐይቁ ላይ የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት (ታይድ) የሚያመጣው ወራጅ ውሃ ስለሌለ ይህ ያስተማምናል። ሲያትል አጠገብ ባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ላይ ግን ወራጁ ጀልባዋን ወደ ጎን ስለሚገፋት በጂፒኤስ ኮምፓስ ማረም ያሳስታል።

ማሽኑ አቅጣጫ ምን ያህል አጥብቆ እንዲይዝ ከሚመረጡት ደረጃዎች ለተረጋጋ ውሃ «ሌዠር» ይበቃል፤ «ፐርፎርማንስ» የአውቶፓይለቱን ሞተር አብዝቶ እያሠራ ባትሪ ይበላል፣ ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ግን ይጠቅማል። ክላቹ ተይዞ ሞተሩ እየጮኸ መሪው ካልዞረ ጎማውን የሚያዞረው ቀበቶ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ካሊብሬሽኑን ከመንካትዎ በፊት እሱን ያጥብቁ።