የፕላስቲክ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ከ9 ወር አገልግሎት በኋላ

የግራ አንጎሌን ያጠቃው ስትሮክ ቀኝ እጄንና ቀኝ እግሬን አድክሞ ሲተወኝ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ የእግሬ ፊት ወደ ላይ አልነሣ ማለቱ ነበር። ከቅልጥም ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች ሲዳከሙ ጣቶች መሬት ለመሬት ይጎተታሉ፤ ሰውም እንዳይደናቀፍ ሲል ዳሌውን ሰቅሎ እግሩን በጎን እያዞረ ይራመዳል። የምንጣፍ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ጠልፎ ከጣለኝ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ድጋፍ አዘዘችልኝ።

ዕቃው ከባት ጀርባ ተነሥቶ በተረከዝ ዞሮ ከውስጥ እግር ሥር የሚዘረጋ ወጥ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከጉልበት በታች በሰፊ ማሰሪያ ይያዛል፤ ቁርጭምጭሚቱን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚያቆመው ጣቶቹ አይወድቁም። ያልጠበቅሁት ትልቁ ጥቅሙ ግን ዓይኔን ከመሬት ማላቀቁ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱን እርምጃ ካላየሁ መራመድ ስለማልችል፣ እየሄድኩ ከሰው ጋር መነጋገር ትቼ ነበር፤ አሁን ምርኩዜን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀና ብዬ፣ አብሮኝ የሚሄደውን ሰው ፊት እያየሁ እጓዛለሁ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

በአንድ እጅ ማጥለቁን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ድጋፉን አስቀድሜ ጫማው ውስጥ እከተዋለሁ፤ ጉልበቴን አጥፌ ተረከዜን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ከገፋሁ በኋላ ብቻ ማሰሪያውን እስባለሁ። ተረከዙ በደንብ ሳይገባ ከታሰረ ፕላስቲኩ ቀኑን ሙሉ ሲፈትግ ይውላል። የቀኙ ጫማ ከግራው በአንድ ቁጥር መብለጥ ስላለበት ሁለት ጥንድ ለመግዛት ተገድጃለሁ፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

አጥብቄ የማሳስበው ስለ ቆዳ ነው። የእግሬ ስሜት ስለቀነሰ፣ በሁለተኛው ወር የውጪው የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ቆዳው ሊላጥ ሲደርስ ሕመም የሚባል አልተሰማኝም፤ ያወቅሁት ካልሲዬን ሳወልቅ በዓይኔ አይቼ ነው። ድጋፉን የሠራው ባለሙያ ፕላስቲኩን በሙቀት አለሳልሶ በአጥንቱ ዙሪያ ካሰፋልኝ ወዲህ አልተደገመም። ቢሆንም በየማታው ውስጥ እግሬን በመስታወት እመረምራለሁ፤ ካወለቅሁት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የማይጠፋ መቅላት ካየሁ፣ ባለሙያው ሳያየው መልሼ አላጠልቀውም። ካልሲውም ረጅምና ስፌቱ የማይጎረብጥ መሆን አለበት።

ጉድለቱ፣ ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ ስለማይፈቅድ፣ ከዝቅተኛ ወንበር መነሣትንና ደረጃ መውረድን ማክበዱ ነው። ስወርድ ደካማውን እግር፣ ስወጣ ጤነኛውን አስቀድማለሁ፤ እንዲያም ሆኖ መደገፊያ ሳልይዝ አልሞክረውም። ማሰሪያው በስድስተኛው ወር መያዝ ስላቆመ ተለውጧል፤ ፕላስቲኩ ግን እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ድጋፉ እግሬን ያራምደዋል እንጂ ጡንቻውን አያጠነክረውም፤ ስለዚህ ለእንቅስቃሴ ሕክምናው በየጠዋቱ አወልቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣቶቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ጥቂት ከፍ አሉ፤ ፊዚዮቴራፒስቷም በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታጠፊያ ያለውን ዓይነት እንድንሞክር ወስናለች።